የአበባ ዕቁብ ለሰርዶ

ቡናው እስኪፈላ ስለ አበባ እንጫወት። አበባው የሩቅ አገር ነው፤ ጉዳዩ ግን የሰርዶ ነው።

ከሰመራ ተነስቶ ወደ ጋላፊ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ የሄደ ሰው በአፋር ያለችውን ሰርዶን ያውቃታል። በግራም በቀኝም ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ኮንቴይነር የጫኑ ተሳቢዎች፣ ሹፌርና ረዳት ከፀሐይ ሸሽተው የሚገቡባቸው ሻይ ቤቶች። ዓመቱን ሙሉ የሚጥልባት ዝናብ አዲስ አበባ ላይ በሐምሌ ወር ብቻ ከሚወርደው ያንሳል። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ አፈራርሷት፣ ሰውም ሞቶባት እንደገና የቆመች ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው በረሃ ደግሞ ከምድረ ገጽ ሊጠፋ ጥቂት የቀረው የአፍሪካ የዱር አህያ ከተረፈባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ የሚሌ ሰርዶ የዱር አህያ መጠለያ የተሰየመውም በእሷ ስም ነው።

እዚህ ቦታ ላይ የአበባ ክበብ ይቋቋም ብል፣ ለመጠጥ ውሃ በሚቸገር አገር ምን አበባ ያስፈልጋል የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስ አለኝ፤ ትንሽ ብቻ ታገሱኝ።

ነገሩን ያስነሳብኝ ዴይሊሊ የሚባል አበባ የሚያለሙ ሰዎች ሥራ ነው። የአበባው የትውልድ አገር ምሥራቅ እስያ ነው፤ ቻይና፣ ኮሪያ፣ ጃፓን። ቻይናዎች እምቡጡን አድርቀው ሾርባና ወጥ ውስጥ ይጨምሩታል፤ በሻንሺ ግዛት የዳቶንግ ገበሬዎች በሰፊው የሚያመርቱት ለገበታ ነው። አበባው ጠዋት ይፈካል፣ ሲመሽ ይጠወልጋል። በማግስቱ ከዚያው ዘንግ ላይ ሌላ እምቡጥ ይፈነዳል። አንዱ ዘንግ ብዙ እምቡጥ ስለሚይዝ ተክሉ ለሳምንታት ሳያቋርጥ ያብባል። ሥሩ ወፍራም ነው፤ ውሃና ምግብ ያከማቻል፤ ስለዚህ ከመሬት ተነቅሎ ቀናት ቢቆይም አይሞትም። ይህን የመጨረሻውን ጠባዩን ያዙልኝ፤ ክበብ እንዲበዛለት ያደረገው እሱ ይመስለኛል።

አሜሪካኖች የዚህን አበባ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1946 መሠረቱ። ዛሬ በስም ተመዝግበው የሚታወቁት የዴይሊሊ ዝርያዎች ከ80 ሺህ በላይ ናቸው። ከማኅበሩ ሥር በየከተማው ትናንሽ ክበቦች አሉ፤ አባሎቻቸው ጡረተኞች፣ አስተማሪዎች፣ ነርሶች፣ መካኒኮች ናቸው። በብርዱ ወራት አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው ያለፈውን ዓመት ይጨዋወታሉ፣ ዘር ይለዋወጣሉ። አበባው ሲፈነዳ አንዱ የሌላውን ግቢ እየዞረ ይጎበኛል። አውቶቡስ ተከራይተው ወደ ሌላ ከተማ ክበብ የሚሄዱም አሉ። ውድድር ያዘጋጃሉ፤ ዳኞች ቆመው የዘንጉን ቁመት፣ የእምቡጡን አቀማመጥ፣ የቀለሙን ጥራት ይመዝናሉ።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን አበባው ካለፈ በኋላ የሚሠሩት ነው። ዴይሊሊ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሥሩ ቡቃያ እያወጣ ይበዛል፤ ሲጨናነቅ አበባው ይቀንሳል። ያን ጊዜ ቆፍረው ያወጡታል። አፈሩን በውሃ አጥበው፣ ቅጠሉን ቆርጠው አሳጥረው፣ ተጣብቀው ያደጉትን ቡቃያዎች በእጅ ወይም በቢላ ይለያዩዋቸዋል። እያንዳንዱ ቡቃያ የራሱ ሥር ስላለው ራሱን የቻለ ተክል ይሆናል። አንዱን ባለቤቱ መልሶ ይተክላል፤ የቀሩት ለክበቡ ናቸው። ስም ይጻፍባቸውና ለአዲስ አባላት ይታደላሉ፣ የተረፈው ለከተማው ሰው በርካሽ ይሸጣል፤ በገንዘቡ የሚቀጥለው ዓመት ወጪ ይሸፈናል። አዲሱ አባልም የተቀበለው ቡቃያ በዝቶ ሲጨናነቅ በተራው ቆፍሮ ያካፍላል።

ይህ እኛ ዘንድ ዕቁብ ነው። ተራ አለ፣ መተማመን አለ፣ የወሰደ ይመልሳል። የገንዘብ ዕቁብ ጣይ የሚወስደው የጣለውን ያህል ነው፤ የቡቃያ ዕቁብ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይራባል። በሰው ብዛት ልክ ይበዛል እንጂ አያንስም። ዕቁብን የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ለመጀመር ከማንም ትምህርት አያስፈልገውም።

ስለ ስም መጻፉ አንድ ነገር ልጨምር። አርሎው ስታውት የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ በኒው ዮርክ የዕፅዋት ማዕከል ይሠራ ነበር። አንዱ የተለመደ ብርቱካናማ ዴይሊሊ በየግቢው ሞልቶ ሳለ ዘር የማይቋጥረው ለምንድን ነው ብሎ ተነሳ። ያን ለማወቅ ከቻይና ተክል እያስመጣ ማዳቀል ጀመረ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ጠዋት የአንዱን አበባ ዱቄት ወስዶ የሌላውን መሃል ዘንግ ጫፍ ማስነካት ብቻ ነው። ትዕግሥቱ ግን ከባድ ነው፤ ከዘር የበቀለው ተክል አበባውን እስኪያሳይ ሁለትና ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ አብዛኛው ደግሞ ከወላጁ የማይሻል ሆኖ ይገኛል። ስታውት እያንዳንዱን እየመዘገበ ዓመታት ቆየና እ.ኤ.አ. በ1934 ቴሮን የሚባለውን፣ የመጀመሪያው ቀይ ዴይሊሊ ተብሎ የሚታወቀውን አወጣ። ከዚያ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ በቢጫና በብርቱካን መካከል ነበሩ። የአበባ ክበብ ያለ መዝገብ የመንደር ጨዋታ ብቻ ሆኖ ይቀራል የምለው ለዚህ ነው። ማን ከማን ወሰደ፣ መቼ ተተከለ፣ ስንት ጊዜ ውሃ ጠጣ፤ እነዚህን የሚጽፍ አንድ ሰው የግድ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ዴይሊሊ አስመጥተን ሰርዶ ላይ እንትከል? አይሆንም። ከሙቀቱ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ያ ዘር የማይቋጥረው ብርቱካናማ ዴይሊሊ በሥሩ ብቻ እየተስፋፋ ከግቢ ወጥቶ፣ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ግዛቶች የመንገድ ዳርና የወንዝ ዳርን ወርሮ፣ ዛሬ በበርካታ ቦታ ወራሪ ተክል ተብሎ ተመዝግቧል። ይህን ታሪክ ለአፋር ሰው መንገር ለባለቤቱ መንገር ነው። ፕሮሶፒስ የሚባለው ዛፍ ከአዋሽ እስከ ሰመራ ያደረገውን እናንተው ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ መካከለኛው አዋሽ ላይ፣ አሚባራ አካባቢ፣ ነፋስ እንዲከላከልና ጥላ እንዲሆን በበጎ ሐሳብ ተተከለ። ሰዉ ደርጊ ሃራ፣ የደርግ ዛፍ አለው፤ ኋላም ወያኔ ተባለ። ፍየሉና ግመሉ ፍሬውን በላ፣ ዘሩን በፋንድያው በተነ። የግጦሹ መሬት እሾህ ሆነ፤ ሣሩ ከሥሩ ጠፋ፤ አርብቶ አደሩ ከወንዙ ዳር መሬት ተገፋ። አሁን ከሰል እያከሰሉ፣ ፍሬውን እየፈጩ ለከብት መኖ እያደረጉ ለመቆጣጠር ይታገሉታል። የትኛውም ክበብ አፋር ውስጥ ሲቋቋም የመጀመሪያው ሕጉ ይህ መሆን አለበት፤ ከውጭ የሚመጣ ተክል ጠባዩ ሳይጠና ከግቢ አይገባም።

ደስ የሚለው ግን ማስመጣት አያስፈልግም። የዴይሊሊ ዘመድ እዚሁ ደጃችን ላይ ነው፤ እሬት።

የዕፅዋት ሊቃውንት በዘረ መል ጥናት ቤተሰብን መልሰው ሲያደራጁ ዴይሊሊንና እሬትን በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አስቀመጧቸው። ባሌ ተራሮች ላይ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ ቀይና ቢጫ የሚያብበው ኒፎፊያም የዚያው ቤተሰብ ነው። ኢትዮጵያ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች አሏት፤ ብዙዎቹ ከዚህ አገር ውጭ አይገኙም። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ኖርዌያዊቷ ኢንገር ኖርዳል የኢትዮጵያና የኤርትራን እሬቶችና ሊሊዎች አንድ በአንድ የዘረዘሩበት መጽሐፍ አላቸው፤ ለዚህ ክበብ ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የሚገዛ መጽሐፍ ይሄ ነው። ፕሮፌሰር ሰብስቤ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን የመሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የኪው ዓለም አቀፍ ሜዳሊያ የተሸለሙ ሰው ናቸው።

ከአዋሽ ከተማ ጀምሮ በስምጥ ሸለቆው ቆላ የሚያድግ አንድ እሬት አለ፤ ሊቃውንቱ አሎ ትሪኮሳንታ ይሉታል። በአበባው ታውቁታላችሁ። የአብዛኛው እሬት አበባ ልሙጥ ሲሆን የዚህኛው ጸጉር አለው፤ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክን ያቋረጠ ሰው አይቶት አልፏል፤ ስሙን የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ዝናብ ሲጠፋ ቅጠሉ ይኮማተራል፣ ይቀላል፤ አይሞትም። ጥቂት ሲዘንብለት ይመለሳል። አበባው ከታች ወደ ላይ በተራ እየፈነዳ ሲሄድ የአበባ ማር የሚመጥጡ ትናንሽ ወፎች አይጠፉበትም። ሰርዶ ላይ ውሃ የለም ላለኝ ሰው መልሴ ይህ ነው፤ ከሰው ውሃ የማይሻማ አበባ አለን። የእጅና የፊት መታጠቢያው ውሃ ይበቃዋል፤ እሱም በየቀኑ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አደራ። እሬትን ከዱር ነቅሎ ማምጣት አይገባም። ከተለመደው የመዋቢያና የመድኃኒት እሬት፣ ከአሎ ቬራ በስተቀር ሁሉም የእሬት ዝርያዎች ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ መቆጣጠሪያ ስምምነት ጥበቃ ሥር ናቸው። መንገዱ ዘር መልቀም ነው። ፍሬው ደርቆ ሊሰነጠቅ ሲል ከአንዱ ጥቂት፣ ከሌላው ጥቂት ይወሰዳል፤ በአሸዋና በጥቂት ፍግ በተሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ይዘራል። በግቢው ውስጥ ቀድሞ የተከለ ሰው ካለ ደግሞ ከእናቲቱ ሥር የወጣውን ልጅ ገንጥሎ ያካፍላል። የተገነጠለው ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ ለቀናት ይቀመጣል፤ እርጥቡን የተከለ ያበሰብሰዋል። ዕቁባችን እዚህ ላይ ይጀምራል ማለት ነው።

ሌላው ተክል አዴኒየም ነው። ከአዋሽ በታች ባለው ድንጋያማ ቆላ ታዩታላችሁ፤ ግንዱ እንደ ድስት ያበጠ፣ ቅጠሉ የረገፈ፣ ከላይ ሮዝ አበባ የተሸከመ። ውሃውን የሚያጠራቅመው በዚያ ባበጠ ግንዱ ነው። የሚያስቆጨኝን ልንገራችሁ። ታይላንድና ታይዋን ውስጥ ልክ እንደ ዴይሊሊ አልሚዎቹ አዴኒየምን የሚያዳቅሉ፣ ውድድር የሚያካሂዱ፣ ችግኙን ለዓለም የሚሸጡ ሰዎች ሞልተዋል። ተክሉ የአፍሪካና የዓረብ በረሃ ተወላጅ ነው። እኛ በላዩ እየተረማመድን እነሱ ይነግዱበታል። ከዘር በቀላሉ ይበቅላል፤ ድርቅ አይፈራም። ወተቱ ግን መርዝ ነው፤ በአፍሪካ በተለያየ ቦታ አዳኞች ቀስታቸውን ይቀቡበት ነበር። ስለዚህ ሕፃን ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጣል፤ የነካው ሰው እጁን ይታጠባል።

በቆላ አበባ አይሆንም የሚል ካለ አዋሽ ሰባት ኪሎ ወርዶ ባቡር ጣቢያውን ይይ። የምድር ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ከጅቡቲ የተነሳ መንገደኛ ሦስት ቀን ይጓዝ ነበር፤ ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ያድራል። ለዚያ አዳር የተሠራው የአዋሹ ቡፌ በቡጋንቪላው ታዋቂ ሆነ። ቡጋንቪላ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው፤ በሙቀትና በጥቂት ውሃ ይኖራል፤ ባዕድ ቢሆንም እንደ ፕሮሶፒስ ሜዳውን አልወረረም። እዚያ ጥላ ሥር የተቀመጠ መንገደኛ ከበረሃው መሃል ያን ቀለም ሲያይ ምን እንደሚሰማው ተጉዞ ያየ ያውቀዋል። ሰርዶም የመንገደኛ ከተማ ናት። አንድ ሻይ ቤት በሩ ላይ ቡጋንቪላና እሬት ቢኖረው ሹፌሩ የሚቆመው እዚያ ነው፤ ይህን የሚጠራጠር ነጋዴ ያለ አይመስለኝም።

ሌላው ለክበቡ የሚሆን ተክል ተምር ነው፤ ስለ እሱ ብዙ አልልም፤ አይሳኢታና አፋምቦ ያሉ ሰዎች ከእኔ በላይ ያውቁታል። ጨው ይችላል፤ የሰርዶ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ጨው የሚበዛበት ከሆነ ሌላው ሲደርቅ እሱ ይቆማል። እሱም ከግንዱ ሥር ልጅ ያወጣል፤ ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ስለሆኑ የወንዱን አበባ ዱቄት በእጅ ለሴቷ ማድረስ ጥንታዊ ሙያ ነው። ስታውት ኒው ዮርክ ላይ ያደረገውን የተምር ገበሬ ከሺህ ዓመታት በፊት ያደርገው ነበር።

ክበቡ እንዴት ይሥራ? የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። አፋር ዓመቱን የሚከፍልበት የራሱ ወቅት አለው፤ በሐምሌና ነሐሴ የሚጥለው ከርማ፣ ቀዝቀዝ የሚለው ጊላል፣ በመጋቢት ገደማ የሚመጣው የሱጉም ዝናብ፣ እሳት የሆነው ሀጋይ። መትከልና ማካፈል በጊላል ይሁን፤ ሙቀቱ ስለሚበርድ ሥሩ ይይዛል። በሀጋይ ማንም ምንም አይንቀል፤ ጥላ መጠበቅ ብቻ ነው ሥራው። ጥላውን ደግሞ የአፋር ሴቶች ያውቁበታል። ተዘዋዋሪ ቤታቸውን፣ ዳቦይታውን፣ በዘንባባ ሰሌን የሚሸፍኑ እነሱ ናቸው፤ አንድ አሮጌ ሰሌን በአራት እንጨት ላይ ቢወጠር ለችግኝ የሚበቃ ዳስ ይሆናል። የክበቡ መሪዎች ሴቶች ቢሆኑ ደግሞ የተሻለ ይሠራል ብዬ አምናለሁ። ማሰሮ መግዛት አያስፈልግም፤ በመኪና መንገድ ዳር ያረጀ ጎማና የተሰነጠቀ ጀሪካን መቼም አይታጣም። ፍየልን ለመከላከል አጥር ያስፈልጋል፤ አጥሩ ግን ፍሬ በያዘ የፕሮሶፒስ ቅርንጫፍ እንዳይሆን።

ዜናውን ማን ያዳርሰው? አፋር ዳጉ አለው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ይቀመጣሉ፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት በቀለ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ ይባባላሉ። የሰሙትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ማስተላለፍ ግዴታ ነው፤ ያጣመመ ይጠየቃል። የአሜሪካ ክበቦች የሚያትሙት ዓይነት መጽሔት ለዚህ ሕዝብ አያስፈልግም። አንዲት ሴት ሎጊያ ላይ የእሬት ልጅ እያካፈለች መሆኗ በሳምንት ውስጥ አይሳኢታ ይሰማል። እንደ ስታውት መዝገብ የሚይዝ ሰው ግን ያስፈልጋል፤ ለዚህ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው። ተማሪዎቹ የተከሉትን ቢመዘግቡ፣ ያልታወቀውን ተክል አድርቀው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ወደ ደረቅ ዕፅዋት ማከማቻው፣ ቢልኩ፣ ክበቡ ለአገር የሚጠቅም ሥራ ሠራ ማለት ነው። የሰርዶ ምድር ዕፅዋት እንደ ዱር አህያዋ ሁሉ ጠባቂ ይፈልጋሉ፤ የሚጠብቃቸው ደግሞ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ነው።

እንግዲህ ሰርዶ፣ ሰመራ፣ ሎጊያ፣ አዋሽ ወይም ገዋኔ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ይህን የምለው ለእናንተ ነው። ጥቅምት ሲገባ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ ሦስት አራት ጎረቤት ሁናችሁ ቡና አፍሉ። እሬት ያለው ሰው ልጁን ገንጥሎ ይዞ ይምጣ፣ የሌለው ጀሪካኑን ይዞ ይምጣ። የወሰደውን ሰው ስም በአንድ ደብተር ላይ ጻፉ። የሚቀጥለው ዓመት ጊላል ሲመጣ ደብተሩን ገልጣችሁ ተራ አስይዙ።